የጠፋው ፋይል ተመልሶ ሲመጣ፣ ዲስኩም ሲዳከም፦ ችግርና መፍትሄ

ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባሉት የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ቀኑን ሙሉ የሰው መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ የትምህርት ማስረጃና የቤት ካርታ ስካን ይደረጋል። ባለጉዳዩ ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ምስሉ ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ ይቀራል። የሰው አደራ ነውና በአግባቡ መጥፋት አለበት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህማ ነገሩ የሕግም ጉዳይ ነው።

ከሁሉ በፊት ዲስካችሁ የትኛው ዓይነት እንደሆነ እወቁ። በዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ «ዲፍራግመንት» ብላችሁ ስትጽፉ የሚመጣው መስኮት ከእያንዳንዱ ድራይቭ ጎን ሃርድ ዲስክ (በሚሽከረከሩ ሳህኖች ላይ የሚጽፍ) ወይም ኤስኤስዲ (በቺፖች ላይ የሚጽፍ) መሆኑን ያሳያል። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ሌላውን ይጎዳል።

ችግር፦ ሪሳይክል ቢን ባዶ ነው፣ ፋይሉ ግን በማስመለሻ ፕሮግራም ተገኘ

ዊንዶውስ የሚሰርዘው ፋይሉ የት እንዳለ የሚናገረውን መዝገብ ነው። ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው ይቆያል፤ ፈጣኑ ፎርማትም ከዚህ አያልፍም። ሃርድ ዲስክ ከሆነ መፍትሄው ቀላል ነው፦ ላዩ ላይ አንድ ጊዜ መጻፍ። ኮምፒውተሩ ሊሸጥ ከሆነ «ኩዊክ ፎርማት» የሚለውን ምልክት አንስታችሁ ሙሉውን ፎርማት አድርጉ፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ሙሉ ፎርማት ዲስኩን በዜሮ ይሞላል።

ፋይሉ ላይ እየጻፉ የሚያጠፉ ብዙ የመደምሰሻ ፕሮግራሞች «35 ጊዜ» ደጋግሞ የመጻፍ ምርጫ ያቀርባሉ። ቁጥሩ የመጣው የኮምፒውተር ደህንነት ተመራማሪው ፒተር ጉትማን በ1996 እ.ኤ.አ. ካወጣው ጥናት ሲሆን፣ የታሰበውም ለዚያ ዘመንና ከዚያ በፊት ለነበሩ ዲስኮች ነው። ለዛሬ ዲስክ እንደማያስፈልግ ራሱ ጉትማን ጽፏል።

ችግር፦ ኤስኤስዲው በየጊዜው እየተዳከመ ነው

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ክፈቱና የጤናውን መቶኛ፣ ከዚያም «ቶታል ሆስት ራይትስ» የሚለውን መስመር (እስካሁን ዲስኩ ላይ የተጻፈውን ጠቅላላ መጠን) ተመልከቱ። የዕለቱን 2 ጊጋባይት ስካን 35 ጊዜ የሚደመስስ ሰው ዲስኩ ላይ 70 ጊጋባይት ይጽፋል። የኤስኤስዲ ሴሎች፣ ማለትም ዳታው የሚቀመጥባቸው ጥቃቅን ክፍሎች፣ ደግሞ የሚችሉት የጽሕፈት ብዛት የተወሰነ ነው።

የሚያሳዝነው፣ ያ ሁሉ ልፋት ፋይሉን ላያገኘው መቻሉ ነው። ኤስኤስዲ ሴሎቹ እኩል እንዲያገለግሉ አዲሱን ጽሑፍ ወደ ሌላ ሴል ይወስደዋል፤ አሮጌው ባለበት ሊቀር ይችላል። በ2011 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ተመራማሪዎች ኤስኤስዲ ላይ አንድን ፋይል ለይቶ የመደምሰስ ዘዴዎችን ሞክረው አስተማማኝ ሆኖ ያገኙት አልነበረም።

ስለዚህ ኤስኤስዲ ላይ የመደምሰሻ ፕሮግራሙን አቁሙ። ፋይሉን በተለመደው መንገድ አጥፉና በዚያው የዲፍራግመንት መስኮት «ኦፕቲማይዝ» የሚለውን ተጫኑ፤ ትሪም የተባለው ትእዛዝ የትኛው ቦታ እንደማይፈለግ ለዲስኩ ይነግረዋል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የደንበኛ ፋይል ከመግባቱ በፊት ዲስኩን ቢትሎከር ወይም ቬራክሪፕት በተባሉት የማመስጠሪያ ፕሮግራሞች መቆለፍ ነው። ቁልፉ ከሌለ የተረፈው ቁራጭ ሁሉ የማይነበብ ነው። ለሽያጭ ስታዘጋጁት ደግሞ በአምራቹ ፕሮግራም ወይም በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት በሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ዲስኩን በሙሉ የሚደመስሰውን «ሴኪዩር ኢሬዝ» ተጠቀሙ።

ችግር፦ ድምሰሳው መሐል መብራት ጠፋ፣ አሁን ዲስኩ ሞልቷል ይላል

ፕሮግራሙ ባዶውን ቦታ የሚሸፍነው ትልልቅ ጊዜያዊ ፋይል በመፍጠር ነው፤ ሲቋረጥ ፋይሉ ሳይሰረዝ ይቀራል። የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጋችሁ ድራይቩ ሲከፈት መጀመሪያ በሚታየው ቦታ፣ ከፎልደሮቹ ውጭ፣ ፈልጉትና ሰርዙት።

ችግር፦ ሃርድ ዲስኩ ሲደመሰስ ይንቋቋል፣ መሐል ላይም ይቆማል

የተበላሹ ክፍሎች አሉት፤ ድምሰሳው እነርሱ ላይ አይደርስም። የሚያስፈልጋችሁ ፋይል ካለ መጀመሪያ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ከዚያ አትሽጡት፤ ተፈትቶ ውስጡ ያሉት ሳህኖች ይበሱ ወይም ይሰበሩ። የተበላሸው ኤስኤስዲ ከሆነ ማግኔት ምንም አያደርገውም፤ ሰሌዳው ላይ ያሉት ጥቋቁር ቺፖች አንድም ሳይቀር መሰባበር አለባቸው።