ሐዋሳ ሆኖ ለሰው የሚጠቅም የቴክኖሎጂ ሥራ ለማግኘት

«ሶፍትዌር ዴቨሎፐር» የሚል ማስታወቂያ ብቻ የሚያስስ ሰው ብዙ ያመልጠዋል። ጤናና እርዳታ ላይ ያለው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው «ዳታ ማናጀር» ወይም «ክትትልና ግምገማ ባለሙያ» እየተባለ ነው።

መጀመሪያ ኮቦቱልቦክስን ይልመዱ፤ የመረጃ መሰብሰቢያ ቅጽ የሚሠራበት መሣሪያ ነው፤ በነፃ ይጀመራል፣ ኔትወርክ ባይኖርም ቅጹ ስልክ ላይ ይሞላል። ቀጥሎ ዲኤችአይኤስ 2፤ የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበሰብበት ሲስተም ሲሆን ጤና ሚኒስቴር የሚሠራበት ነው፣ መለማመጃውም ኢንተርኔት ላይ ክፍት ነው።

ለቀጣሪ የሚያሳዩት 15 ጥያቄ ያለው የክትባት ቅጽ በኮቦቱልቦክስ ይሥሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀኑ ላይ ነው። እናትየዋ «ጥር 12 ቀን 2016 ተወለደ» ስትል ቅጹ በፈረንጅ አቆጣጠር ከተቀበለው ሕፃኑ በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት ያረጃል! ስለዚህ ቅጹን በኤክሴል ሲያዘጋጁ ለቀን ጥያቄው የኢትዮጵያን ካላንደር ይምረጡ። ስምም እንዲሁ ነው፤ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለኮምፒውተር ሁለት ሰው ናቸውና መለያ ቁጥር ይጨምሩ።

ቅጹን ይዘው ቅርብዎ ያለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፣ መዝገብ የምትሞላዋ ነርስ ትሞክረው። የትኛው ጥያቄ ላይ እንደምትቆም ልብ ይበሉ፤ ማስተካከል ያለብዎት እሱን ነው። የእውነተኛ ታካሚ መረጃ ግን በፍጹም አያስገቡ።

ቃለ መጠይቅ ላይ ፕሮጀክቱ መቼ እንደሚያልቅ፣ የለጋሽ ገንዘብ ሲቆምም ሲስተሙን ማን እንደሚረከብ ሳያፍሩ ይጠይቁ።