«የስሜን ተራራ» ለምን ይናዳል? ከልጆች ጋር ሳይጋገር የሚሠራ ጣፋጭ ችግርና መፍትሔ

ይህ ጽሑፍ ጣፋጩን አንድ ጊዜ ሞክረው ላልሆነላቸው ወላጆች የተዘጋጀ ነው። የእኔ ልክ 200 ግራም የተፈጨ ብስኩት፣ 100 ግራም በሶ፣ 100 ግራም ቅቤ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ካካዋ እና በማንኪያ እየተለካ የሚገባ ወተት ነው። ልጆቹ ሊጡን ተራራ አድርገው ይክቡታል፤ ግማሽ ሙዝ አቁመው ጅብራ (በስሜን ተራራ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ረጅም ተክል) ይሉታል፣ ከማንጎ የተቆረጠ አደይ አበባም በግርጌው ይተክላሉ።

ተራራው ይናዳል፣ ግርጌውም ውኃ ይቋጥራል። ከአሥር ጥያቄ ስምንቱ የሚመጣልኝ በዚህ ነው፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ቅቤው ነው። ከቅዳሜ ገበያ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚመጣው ለጋ ቅቤ በውስጡ አሬራ ይዟል። ብስኩቱና በሶው የቻሉትን ያህል ይጠጡታል፤ የተረፈው ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። በአንድ የሚያዝያ ቅዳሜ ሰባት ልጆች የሠሩት ተራራ ቡናው ቶና እስኪደርስ ድረስ ሳህኑን በነጣ ውኃ ሞላው፤ እንደ ጅብራ ተገትሮ የነበረው ሙዝ አዘነበለ፤ ትንሿ ልጄም «እማዬ፣ ተራራው እያለቀሰ ነው» አለችኝ። ቅቤውን ሳላነጥር የተጠቀምኩት እኔ ነበርሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልደገምሁትም።

መፍትሔው ቅቤውን ያለ ቅመም ማንጠር ነው። በዝግታ እሳት ላይ መንጣጣቱን እስኪያቆም ድረስ ይቆይ፤ ድምፁ ጠፋ ማለት ውኃው አለቀ ማለት ነው። ከዚያ ይጠለልና እንደ ወፍራም እርጎ እስኪደፈርስ ድረስ ይቀዝቅዝ። ኮሰረትና ኮረሪማ የገባበት የወጥ ቅቤ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ልጆቹ አንድ ጊዜ ቀምሰው ይተውታል።

ትኩስ ቅቤ ማፍሰስም ያው ጥፋት ነው። አንዲት ጎረቤቴ ትኩስ ቅቤ አፍስሳ ሊጡ ቀጥኖ ስታየው አምስት ማንኪያ በሶ ጨመረች፤ በማግሥቱ ተራራው በበጋ እንደ ዋልካ መሬት ተሰነጣጥቆ አገኘችው። በሶ እርጥበቱን የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ሊጡ ቀጠነም ደረቀም፣ ምንም ነገር ከመጨመር በፊት 15 ደቂቃ ተሸፍኖ ይቀመጥ። ከዚያ ጥቂቱን በጭብጥ ጨምቀው እጅዎን ይክፈቱ። የጣቶችዎ ምልክት ሳይፈርስ ከቀረ ለመከብ ደርሷል። መዳፍዎ በቅባት ካብረቀረቀ ሊጡ ሞቋል፤ ፍሪጅ ውስጥ 20 ደቂቃ ይቆይ፣ መብራት ከሌለም ሳህኑን ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ገበታ ላይ ያስቀምጡት። ከፈረሰ አንድ የሻይ ማንኪያ ወተት ብቻ ይጨምሩና እንደገና ይጠብቁ። ቅቤ ከ20 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ስለሚለሰልስ፣ በክረምት ያለ ፍሪጅ የሚቆመው ተራራ በመጋቢትና በሚያዝያ አይቆምም።

አንዴ አሬራ የገባበት ሊጥ ዳግም ተራራ ስለማይሆን ብዙ አይታገሉት። በሰፊ ትሪ ላይ ይዘርጉት፤ ልጆቹ በሹካ ትልም እያወጡ እርሻ ያድርጉት፣ በዳር በዳሩም እርከን ይሥሩለት። የእኔ ልጆች አሁን ተራራው ሳይናድም ይህንኑ እርሻ ይጠይቁኛል።

ሊጡ ዱቄት ዱቄት ይላል። አንዳንዶች በሶ ሲያጡ ጥሬ የስንዴ ዱቄት ያስገባሉ። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ ጥሬ ዱቄት በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ሊይዝ ይችላል፣ ይህ ጣፋጭ ደግሞ እሳት አያይም። በሶ ግን ከተቆላ ገብስ የተፈጨ ነው። ወተቱም እንዲሁ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ከ2,100 ሜትር በላይ ባለችው ጎንደር ውኃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ቢፈላም፣ ወተት በደንብ እስከፈላ ድረስ ይህ ሙቀት ይበቃዋል፤ ስለዚህ ገና ሲገነፍል ተደናግጠው አያውርዱት።

ጅብራው ይጠቁራል። ሙዙን እንደላጡ ሎሚ ይቀቡት።

አበባው ውኃ ያወጣል። ማንጎው በንጹሕ ጨርቅ ደርቆ በመጨረሻ ይተከል።

በተራራው ላይ ለማፍሰስ የሚቀልጠው ቸኮላት እንደ አሸዋ ይሆናል። የእንፋሎት ጠብታ ገብቶበታል። ጥቂት ትኩስ ወተት ጨምረው ያማስሉት፤ ለማፍሰሻ ይሆናል እንጂ አይረጋም።

ሣሩ አረንጓዴ አይሆንም። ለሣር የሚበተነውን የኮኮናት ፍርፋሪ በተቀቀለ ቆስጣ ጭማቂ ጥቂት ጠብታ ይንከሩት። ለስፌት አለላ መንከሪያ የሚሸጠውን ቀለም በምግብ ውስጥ ያገኘሁባቸው ቤቶች አሉ፤ ያ ቀለም የተሠራው ለሰው ሆድ አይደለም፤ ልጆች ከሚደርሱበትም ይራቅ።

ማር ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን በምንም ዓይነት አይሰጥም። ለድንጋይ ተብሎ የሚበተነው ሙሉ ኦቾሎኒም ለትንንሽ ልጆች ጉሮሮ አደገኛ ስለሆነ በደንብ ይወቀጥ፤ ጅብራውንም በስንጥር አያቁሙት፤ ሥሩን ሊጥ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ቀብረው ዙሪያውን ይጠቅጥቁት፤ እንዲሁ ይቆማል።