ሕፃኑ ከመምጣቱ በፊት ምን ይገዛ? ስንት ይበቃል?

ዕቃ ልትገዙ ከመውጣታችሁ በፊት የልብስ ማስጫ ገመዳችሁን እዩት። ፀሐይ ያገኘዋል ወይስ በረንዳ ጥግ ጥላ ውስጥ ነው? መውለጃው ጥር ላይ ነው ወይስ ሐምሌ? ስንት ልብስ እንደሚበቃ የሚወሰነው በዚህ ነው። አዲስ የተወለደ ልጅ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ልብስ ይቀየርለታል። ሽንቱ በዳይፐሩ ጎን ያመልጣል፤ ጠብቶ ሲያገሳ ወተቱ አንገቱ ላይ ይፈስሳል። በበጋ ጠዋት የታጠበው ከሰዓት በኋላ ስለሚደርቅ ስድስት ሙሉ ቅያሪ ይበቃል። በክረምት ግን አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የተሰጣ ቱታ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ ያኔ አሥር ቅያሪ ያዙ። ከዚያ በላይ የሚገዛው አብዛኛው አንድ ቀን ሳይለበስ ልጁ ያድግበታል።

በዚያ ላይ አራስ ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ የሚገባ ሁሉ ቱታ፣ ፎጣ ወይም ብርድ ልብስ ይዞ ነው፤ ልብሱም ብዙ ጊዜ ለሦስት ወይም ለስድስት ወር የሚሆን ነው። ስለዚህ እናንተ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ሳምንታት ብቻ ሸፍኑ። ልጅ ሳይወለድ ዕቃ መግዛት ደስ የማይላቸው እናቶችና አያቶችም አሉ፤ መከራከር አያስፈልግም። ፎጣ፣ ሳፋ፣ አንሶላና ሙቀት መለኪያ ለማንኛውም ቤት የሚሆን ዕቃ ስለሆነ ቀድሞ ይገዛ፤ ልብሱ ዘጠነኛው ወር ሲገባ በአንድ ቀን ያልቃል።

ቁጥሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከቱርክና ከአውሮፓ የሚመጣ ልብስ ላይ 50፣ 56፣ 62 ተብሎ የተጻፈው የልጁ ቁመት በሴንቲ ሜትር ነው። ሲወለድ ብዙው ልጅ 50 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ነገር ግን ከ50 ቁጥር ሁለት ብቻ ግዙ፣ ሌላው 56 ይሁን። ትንሽ የሰፋ እጅጌ ይታጠፋል፤ የጠበበ ግን እግሩን አጨማድዶ ይይዘዋል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣ?» ካላችሁ ዕድሜውን ከወሩ ጋር ንገሩት። ጥር ላይ የሚወለድ ልጅ ስድስት ወር የሚሞላው ሐምሌ ላይ ነው፤ እጅጌ የሌለው ስስ ልብስ በዚያ ጊዜ ለአዲስ አበባ ምን ይሠራል? ለድሬዳዋ ወይም ለጋምቤላ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የክርስትና ነጭ ልብስም እንዲሁ ነው፦ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስለሚነሱ ለሴቷ አንድ ቁጥር ከፍ ይበል።

ልብሱን ሱቅ ውስጥ እንዳላችሁ ገልብጡት። መጀመሪያ የሚታየው የእግሩ ጫፍ ነው፤ ያልተቆረጠ ክር ከተንጠለጠለ የልጁ ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊከለክል ይችላል። ክሩን በመቀስ ቆርጣችሁ መግዛት ይቻላል፤ ውስጡ በሙሉ ክር ከሆነ ግን ተዉት። ቀጥሎ ቁልፉን ጎትቱት፤ ከተንቀሳቀሰ አንድ ቀን ልጁ አፍ ውስጥ ይገኛል። አንገቱ ላይ የሚታሰር ክርና ሪባን ያለው ኮፍያም ሆነ ሹራብ አይገዛ። ጥጥ ይሁን፣ ከፊት እስከ እግር የሚከፈት ይሁን። በራስ የሚጠለቅ ልብስ አንገቱ ላልጠናና እትብቱ ላልወደቀ ልጅ ሥራ ማብዣ ነው፣ በተለይ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ። የተገዛው ሁሉ ከመለበሱ በፊት ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠብ።

ለመጠቅለያ የሱቁን ውድ ጨርቅ ከመግዛት በፊት ሳጥን ክፈቱ። ብዙ ጊዜ የታጠበ አሮጌ ነጠላ ከአዲስ ጨርቅ ይልቅ ይለሰልሳል፣ አየርም ያሳልፋል። ጥለቱን ቆርጣችሁ፣ ጠርዙን አጥፋችሁ ብታሰፉት አራት መጠቅለያ ይወጣዋል። ስትጠቀልሉ እጁን ማሰር ይቻላል፤ እግሩ ግን እንደ እንቁራሪት ታጥፎ መላወስ አለበት። «እግሩ ቀጥ እንዲል» ተብሎ ጠበቅ አድርጎ መጠቅለል የዳሌውን አጥንት ከመቀመጫው ሊያወጣው ይችላል። ልጁ ለመገልበጥ መሞከር ሲጀምር መጠቅለል ይቅር።

ሙቀቱን የምታውቁት በእጁ አይደለም፤ የሕፃን እጅና እግር ቀዝቀዝ ማለቱ የተለመደ ነው። ደረቱን ወይም ማጅራቱን ንኩ። እናንተ ከለበሳችሁት አንድ ድርብ ቢጨመርለት ይበቃዋል፤ ማጅራቱ ካላበው በዝቶበታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንለሳልስ እንናገር፦ አራስ ቤት ከሰል አይግባ። በሩ ተዘግቶ፣ መጋረጃው ወርዶ፣ ለገንፎውም ለቡናውም ለዕጣኑም ተብሎ የሚቀጣጠለው ከሰል ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ እናትና ልጅን ተኝተው ባሉበት ይገድላል። ከሰሉ ጭሱ ስለጠፋ አይታመን፤ ፍም የሆነውም ያው ነው። ክፍሉ ቢቀዘቅዝ ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አንሶላውን አሙቁበት፤ ልጁ ሳይተኛ አውጡት።

ዳይፐር ላይ ስሌቱ ቀላል ነው። በቀን ከ8 እስከ 12 ይሄዳል፤ 40 ፍሬ ያለው እሽግ አራት ቀን ያህል ነው። ቁጥሩን ትታችሁ ኪሎውን አንብቡ፤ የአንዱ ፋብሪካ 2 ቁጥር የሌላው 1 ሊሆን ይችላል። ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት ይቀንስና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመልሰዋል፤ ከዚያ በሳምንት 200 ግራም አካባቢ ይጨምራል። በሦስት ኪሎ የተወለደው በሁለት ወሩ ከአራት ኪሎ በላይ ነው። ስለዚህ ርካሽ አገኘን ብሎ የትንሹን ቁጥር ካርቶን መግዛት ኪሳራ ነው። ሁለት እሽግ ያዙ፤ የቀረውን ልጁን እያያችሁ ትገዛላችሁ። ወደ ጀርባው ሽቅብ የሚያመልጥ ከሆነ ጠቦታል ማለት ነው፤ በጭኑ በኩል የሚፈስ ከሆነ ደግሞ ጠርዙ ላይ ያለው ሽብሽብ ወደ ውስጥ ታጥፎ ቀርቷል፤ በጣት ዙሪያውን አውጡት። እትብቱ እስኪወድቅ የዳይፐሩ ከንፈር ከእትብቱ በታች ወደ ውጭ ይታጠፍ።

የጨርቅ ሽንት ጨርቅ ገንዘብ ያድናል፤ ግን ውኃ ይበላል። ሰፈራችሁ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነ ቀን ጨርቅ፣ ሌሊት ዳይፐር ማድረጉ ያስታርቃል። ሙሉ በሙሉ በጨርቅ ከሆነ ከ20 እስከ 24 ያስፈልጋል፣ 70 በ70 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስስ ጥጥ። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይዘፍዘፍ፣ ከዚያ በሙቅ ይታጠብ፤ ማለስለሻ አይግባበት፣ ሽንት መምጠጡን ያጠፋዋል። በደንብ መለቅለቁን ማወቅ ከፈለጋችሁ የደረቀውን ጨርቅ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ጨመቅ አድርጉት፤ አረፋ ካወጣ ሳሙናው አልለቀቀም። መቀመጫው የሚቀላ ልጅ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚጀምረው። ለመጥረግ ጥጥና ለብ ያለ ውኃ ይበቃል፤ እርጥብ ሶፍት ለመንገድ ይሁን፣ ሽቶ የሌለው። ቫዝሊን አንድ ዕቃ ያዙ። ፓውደር አትግዙ፤ ብናኙ ወደ ሳንባው ይገባል።

ገንዘቡ የሚባክነው አልጋ ላይ ነው። ልጁ ከእናቱ አልጋ አጠገብ፣ በራሱ ጠፍጣፋ ቦታ፣ በጀርባው መተኛት አለበት፤ አልጋው ውድ ሆነ ርካሽ ለእሱ ልዩነት የለውም። እናጢ ዘንድ የምታሠሩ ከሆነ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፦ በርብራቦቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከሰፋ ሰውነቱ ሾልኮ ጭንቅላቱ ይቀረቀራል። ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት አይሁን። ቫርኒሹ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ሳምንታት ስለሚወስድ ሥራው በስምንተኛው ወር ይለቅ። ስፖንጁ ጠንከር ያለ ይሁን፤ መዳፋችሁን ጫኑበትና አንሱ፣ የእጃችሁ ቅርጽ ቀርቶ ከታየ ለስላሳ ነው። በስፖንጁና በአልጋው ጠርዝ መካከል ከሁለት ጣት በላይ መግባት የለበትም። ስፖንጁ ላይ አንሶላው ተወጥሮ ይታሰር፤ ሦስት አንሶላና አንድ ውኃ የማያሳልፍ ላስቲክ ይበቃል፣ ላስቲኩ ከአንሶላው ሥር ተወጥሮ ይግባ።

በጥልፍ ያጌጠው ትራስ፣ ዙሪያውን የሚታሰረው ለስላሳ መከለያ፣ አሻንጉሊቱ፣ ወፍራሙ ብርድ ልብስ ሱቅ ውስጥ ያምራሉ። ልጁ ግን ፊቱ ከገባበት ራሱን ማውጣት አይችልም። አሜሪካ ይህን የአልጋ ዙሪያ መከለያ እ.ኤ.አ. በ2022 በሕግ ከገበያ አስወጥታዋለች፤ እኛ ጋ አሁንም ከሙሉ የአልጋ ልብስ ስብስብ ጋር ይሸጣል። እስከ አንድ ዓመት ትራስ አያስፈልገውም። ጋቢው ለእናት ትከሻ ይሁን። ወባ ባለበት ቆላ ግን አጎበር ከአልጋው ቀድሞ ይገዛ።

ለመታጠቢያ የፕላስቲክ ሳፋ ይበቃል፤ የልጁ ብቻ ይሁን። የመጀመሪያው እጥበት ከተወለደ 24 ሰዓት ካለፈው በኋላ ነው፤ ቀድሞ ማጠብ ያቀዘቅዘዋል። ቀዝቃዛው ውኃ መጀመሪያ፣ ሙቁ ኋላ ይግባ፤ በክርናችሁ ስትነኩት ለብ ብቻ ይበል። ኮፍያ ያላቸው ሁለት ፎጣዎች፣ አንድ ለስላሳ ሳሙና፣ የሕፃን ጥፍር መቁረጫ። እትብቱ ላይ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አይቀባ፤ ጤና ተቋሙ ክሎርሄክሲዲን የሚባለውን ጀርም ገዳይ ቅባት ከሰጣችሁ በታዘዘው መሠረት እሱ ብቻ ይደረግ፣ ዓይኑን ግን እንዳይነካ። ዓይኑን ካነሳን፣ ኩል አይነካው፤ እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት ያለበት ኩል አለ።

ጡጦና የዱቄት ወተት ከዝርዝሩ ይውጡ። እንገሩ፣ ያ ቢጫውና ወፍራሙ የመጀመሪያ ወተት፣ በመጀመሪያው ሰዓት ይጠባ፤ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይበቃል፣ ውኃም አብሽም ስኳርም ሳይጨመር። ጡጦ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ካለ ግን ልጁ በሦስተኛው ሌሊት አብዝቶ ሲያለቅስ «ወተቷ አልበቃውም» የሚል ሰው አይጠፋምና መጀመሪያ እጅ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። ይልቅ ለእናት ከፊት የሚከፈት ሁለት የሌሊት ልብስ፣ ሁለት የማጥቢያ ጡት መያዣና አንድ ቴርሞስ ግዙ። በሐኪም ምክንያት ጡት የማታጠባ እናት ወተቱን ከሐኪሙ ጋር ትምረጥ።

ቤት የማይጠፋ አንድ የሕክምና ዕቃ ቢኖር የብብት ዲጂታል ሙቀት መለኪያ ነው፤ ባለ ሜርኩሪ ብርጭቆው ይቅር፣ ሲሰበር ሌላ ጣጣ ነው። ከ36.5 እስከ 37.5 ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ተሸፍኖ ሳለ ከ35.5 በታች ከወረደ፣ መጥባት ካቆመ፣ ሙሉ ደቂቃ ተቆጥሮ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ የእግሩ መዳፍ ቢጫ ከሆነ ሽሮፕ አትፈልጉ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ነው።

መኪና ያላችሁ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ የሚያስቀምጠውን እስከ 13 ኪሎ የሚሆነውን መቀመጫ ግዙ፤ ከፊት ወንበር፣ ኤርባግ ካለበት ቦታ አይታሰር። ያገለገለ ከሆነ ከሥሩ የታተመውን የአገልግሎት ዘመን አንብቡ፤ አደጋ የደረሰበት መኪና ውስጥ የነበረ አይሆንም። ጋሪው ይቆይ። አስፋልት በሌለው ሰፈር ጎማው ሦስት ወር አይበረክትም።

በ36ኛው ሳምንት ሻንጣው በር አጠገብ ይቀመጥ። የክትትል ካርዱ ከላይ ኪስ ውስጥ፤ ለእናት ነጠላ፣ የሌሊት ልብስ፣ ሁለት እሽግ ትልቁ ሞዴስ፣ ሳሙና፣ ነጠላ ጫማ። የልጁ የመጀመሪያ ልብስ ግን ለብቻው በአንድ ፌስታል ይግባ፦ ሁለት ፎጣ፣ አንድ ኮፍያ፣ አንድ ቱታ፣ አንድ ዳይፐር፣ አንድ መጠቅለያ። ሁለት ፎጣ ያልነው አንዱ ልጁን አድርቆ እርጥብ ስለሚሆን ነው፤ በእርጥቡ ከተጠቀለለ ይበርደዋል። ፌስታሉ ላይ «የሕፃኑ» ብላችሁ ጻፉበትና ለሚያስታምመው ሰው አሳዩት። አዋላጇ «ልብስ!» ስትል ኮሪደር ላይ ሻንጣ ዘርግፎ ኮፍያ የሚፈልገው እሱ ነው። ስትወጡ የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ) እና የአፍ ጠብታ ፖሊዮ ክትባቱ መሰጠቱን የክትባት ካርዱ ላይ አይታችሁ፣ ካርዱን እዚያው ፌስታል ውስጥ ክተቱት፤ በስድስተኛው ሳምንት ስትመለሱ ይጠየቃል።