ጎማው ከውስጥ በኩል ሲፋተግ

ክላሲክ መኪናችሁ ላይ ሰፋ ያለ ጎማ አስገብታችሁ ኩርባ ላይ «ሽር… ሽር» የሚል ድምፅ መጣ? ጎማው ባሌስትራውን ወይም አሞርዛተሩን እየነካ ሊሆን ይችላል። ስፔሰር (ከቸርኬው ጀርባ የሚገባ ቀጭን ማራቂያ) ለመግዛት አትሩጡ። መጀመሪያ የጎማውን የውስጥ ጎን ዙሪያውን ጠመኔ ቀቡትና ትንሽ ነድታችሁ እዩት። የተጠረገው ቀለበት ከቸርኬው ያለው ርቀት የትኛው ክፍል እንደነካው ይነግራችኋል። ክፍተቱን ስትለኩ መኪናው በጎማዎቹ ይቁም፤ በክሪክ ሲነሳ እግሩ ስለሚንጠለጠል ልኬቱ ያታልላል።

የሚነካው ለጥቂት ከሆነ 5 ሚሊሜትር ስፔሰር ሊበቃ ይችላል፤ ቸርኬውን ያንኑ ያህል ወደ ውጭ ይገፋዋልና። ግን ዳዶው ስንት ዙር እንደሚነክስ ቁጠሩ። ብሎኑ 12 ሚሊሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.5 ሚሊሜትር ከሆነ ቢያንስ 8 ዙር መንከስ አለበት። ካነሰ ረጅም ብሎን ይግባ፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ፓራፋንጎውንም እንዳይነካ እዩ።

መሪው ጥግ ድረስ ሲዞር ብቻ ከነካ ስፔሰሩን ተዉት። የመሪ ማቆሚያ ብሎን ካለው እሱን ማስተካከል ይሻላል። በዚያው ጎማ ድሮ ሳይነካ አሁን ከጀመረ ደግሞ ያለቀ ጎሚኒ (የመገጣጠሚያ ላስቲክ) ወይም የተሰበረ ባሌስትራ ፈልጉ።