ለአዲስ የሳይንስ ልቦለድ ተከታታይ ድራማ መጀመሪያ ሕጉን ጻፉ

አድናቂ የሚሸሸው ድራማው በርካሽ ስለተሠራ ሳይሆን የታሪኩ ዓለም የራሱን ሕግ ሲያፈርስ ነው። ስክሪፕቱን ከመጀመራችሁ በፊት መንኮራኩሯ በምን ኃይል እንደምትጓዝ፣ ማርስ በስንት ቀን እንደምትደርስ፣ ነዳጇ ሲያልቅ ምን እንደሚከተል በአንድ ገጽ አስፍሩና ለደራሲዎቹ ሁሉ አድሉ። አለዚያ በክፍል 2 ላይ አንድ ወር የፈጀው መንገድ በክፍል 7 በአንድ ሌሊት ያልቃል።

የሬዲዮ መልእክት ከማርስ ምድር ለመድረስ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ገጸ ባሕሪያቱ በስልክ እንደሚያወሩ ከተመላለሱ ተመልካቹ ወዲያው ይነቃል። መዘግየቱን ተጠቀሙበት እንጂ አትደብቁት፦ እናት ከማርስ ጣቢያ «ደህና ነኝ» ያለችበት ቪዲዮ ምድር ላይ ሲከፈት ጣቢያው ከተመታ 10 ደቂቃ አልፎታል። ይህ ትዕይንት አንድ የመቅረጫ ክፍልና አንድ ስክሪን ብቻ ይበቃዋል።

ታሪኩ የሚያንጠለጥለው ምስጢር ካለ ደግሞ መልሱን ቀረጻ ሳይጀመር ወስኑ።