ስለ ኢ-መጽሐፍና ስለ አዳዲስ መድረኮች ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው እሑድ ጣና ዳር ተቀምጠን ዓሣ እስኪጠበስልን ስንጠብቅ የአክስቴ ልጅ ስልኩን አወጣና «ወንድም ጋሼ፣ ይኼ ኢ-መጽሐፍ የምትሉት ነገር ዓይን ለማጥፋት ነው እንዴ የተሠራው?» አለኝ። ተቀብዬ አየሁት። ገጹ አጋድሎ ፎቶ የተነሣ ነው፤ ጥጉ ላይ ያነሣው ሰው አውራ ጣት ሳይቀር ይታያል። አንዷን መስመር ለመጨረስ በሁለት ጣት ማስፋት፣ ወደ ቀኝ መጎተት፣ እንደገና ወደ ግራ መመለስ ነው። እኔም ብሆን ሦስት ገጽ አልዘልቅም።

የመጀመሪያው ስህተት ይኼ ነው፤ ኢ-መጽሐፍን በስካን ፒዲኤፍ መመዘን። እሱ የመጽሐፍ ፎቶ ነው። ፒዲኤፍ ራሱ የተሠራው ገጹ የትም ቢከፈት ቅርጹ እንዳይለወጥ ነው፤ ለማተሚያ ቤት ግሩም፣ ለትንሽ ስልክ ግን መከራ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢፐብ የሚባለው ፋይል ጽሑፉን በስክሪናችሁ ልክ ይደረድረዋል። ፊደሉን ስታተልቁት መስመሩ ራሱ ይታጠፋል፣ ማታ ጀርባውን ታጠቁሩታላችሁ። እዚያው ቁጭ እንዳልን የራሴን ጽሑፍ በኢፐብ ላክሁለት። ፊደሉን አተለቀ፣ አሳነሰ፣ እንደገና አተለቀ፤ ዓሣው ሲመጣ እንኳ ዓይኑን አላነሣም።

የአማርኛ ኢፐብ የምታዘጋጁ ካላችሁ ፎንቱን (የፊደሉን ቅርጽ የያዘውን ፋይል) እዚያው ኢፐቡ ውስጥ ክተቱት። አለዚያ አንዳንድ ማንበቢያ ላይ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይቀራል። በድሮ ፎንት የተተየበ ጽሑፍም ኮፒ ሲደረግ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ይወጣል፤ ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሩ ሁሉ የሚግባባበት የፊደል ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዚያ በፊት ሶፍትዌሩ ሁሉ በየራሱ መንገድ ነበር የሚሄደው። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት።

ሁለተኛው «ገዝቼዋለሁ፣ የእኔ ነው» ብሎ መተማመን ነው። አማዞን በ2009 እ.ኤ.አ. ከመብት ጋር በተያያዘ የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት መጻሕፍት ከገዢዎች ኪንድል (የአማዞን የመጽሐፍ ማንበቢያ) ላይ ከርቀት አጥፍቷል፤ ገንዘቡን ቢመልስም መጽሐፉ ሄዷል። ማይክሮሶፍትም በ2019 እ.ኤ.አ. የመጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ የተገዙት መጻሕፍት መከፈት አቆሙ፣ ለገዢዎቹ የተመለሰላቸው ገንዘባቸው ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ፋይሉ እጃችሁ ይገባ እንደሆነ እዩ። የሚያስነብቧችሁ በእነሱ አፕ ውስጥ ብቻ ከሆነ የከፈላችሁት ለማንበብ ፈቃድ ነው።

ሦስተኛውን እኛ ባሕር ዳር ያለን ሰዎች በደንብ ተምረነዋል። «ሊንኩ አለኝ፣ በኋላ አወርደዋለሁ» የሚለው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ነገ ይመለሳል ብለን ነበር፤ ወራት ቆየ። እኔ ቴሌግራም ላይ ለራሴ እየላክሁ ያከማቸኋቸው ብዙ መጻሕፍት ነበሩኝ። ርእሶቻቸው ስልኬ ላይ ይታዩኛል። ስነካቸው ያቺ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ አትከፍትም። በዚያን ጊዜ የታደለው ፍላሽ የያዘ ሰው ነበር። ዛሬ የወደድሁትን መጽሐፍ በዚያው ቀን አወርዳለሁ፣ አንዱን ሚሞሪ ካርድ ላይ፣ ሌላውን ፍላሽ ላይ አደርጋለሁ። ለልጆቻችሁም የትምህርት መጽሐፍ እንዲህ አድርጉላቸው፣ እባካችሁ።

ማውረድ ስል ግን ቴሌግራም ላይ የተገኘውን ሁሉ ማለቴ አይደለም። አዲስ የወጣ የአማርኛ መጽሐፍ በሳምንቱ ስካን ተደርጎ ሲለቀቅ ደራሲው ያሳተመበትን ዕዳ እንኳ ሳይከፍል ይቀራል። የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት መብቱን ይጠብቃል። ለአንባቢ መሸለም ከፈለጋችሁ ገዝታችሁ ስጡ።

አሁን ወደ መድረኮቹ። ቴሌግራም ላይ የምናወራው ሁሉ ምስጢር ነው ብሎ ማሰብ ትልቅ ስህተት ነው። ተራው ቻትም ሆነ ግሩፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ (ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ማንም ሊያነበው የማይችል) አይደለም፤ እንዲያ የሚሆነው ሲክሬት ቻት ብቻ ነው። ሲግናል በሚባለው የመልእክት አፕ ላይ ግን ሁሉም መልእክት ከመነሻው እንዲያ የተመሰጠረ ነው።

ማስቶዶን የሚባለውን ማኅበራዊ መድረክ ደግሞ ሁለት ቀን ሞክሮ «ባዶ ቤት ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። ባዶ የሆነው ማንንም ስላልተከተላችሁ ነው። እዚያ ሳትጠይቁ ቪዲዮ የሚያቀርብላችሁ አልጎሪዝም የለም፤ የተከተላችሁት ሰው የጻፈው በጊዜ ቅደም ተከተሉ ይመጣል፣ አለቀ። አንድ ድርጅት የያዘው ቤትም አይደለም፣ ብዙ ሰርቨሮች (መድረኩን የሚያስተናግዱ ኮምፒውተሮች) አክቲቪቲፐብ በሚባል የጋራ ቋንቋ ይነጋገራሉ። ያላችሁበት ሰርቨር ካልተመቻችሁ ወደ ሌላ ስትዛወሩ ተከታዮቻችሁ አብረው ይመጣሉ። የጻፋችሁት ግን እዚያው ይቀራል፣ ስለዚህ ቅጂውን አስቀድማችሁ አውርዱ። ብቻችሁን ደግሞ አትግቡ። በአማርኛ የሚጽፉ ሦስት አራት ጓደኞች ተነጋግራችሁ በአንድ ቀን ክፈቱ፣ ለአንድ ወር በየቀኑ አንዳንድ ነገር ጻፉ፣ ከዚያ ወዲያ ጥሩ ነው መጥፎ ነው በሉ። የቴሌግራም ግሩፓችሁን መዝጋት አያስፈልግም፤ እናቶቻችን ያሉት እዚያ ነው።