ሌሊት 6 ሰዓት የማን ቀን ነው? ተማሪ ይዞ ብራስልስ ሲኬድ የሚሠሩ ስህተቶች

ሰሞኑን አንድ ወጣት መምህር ደወለልኝ። ከደብረ ብርሃን ዘጠኝ ተማሪዎች ይዞ ለትምህርት ጉብኝት ብራስልስ ሊሄድ ነው። ጋባዡ እዚያ ያለ አጋር ትምህርት ቤት ነው። "ጋሼ፣ መኝታው መሀል ከተማ ይሻላል ወይስ ወጣ ያለ ቦታ?" አለኝ። "የልጆቹን ፓስፖርት አይተኸዋል?" አልኩት። "እሱ ይደርሳል" አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

እኔ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ሦስት ጊዜ ተማሪ ይዤ ሄጃለሁ። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ግማሹን የሠራኋቸው ራሴ ነኝ።

ለወላጅ የበረራ ሰዓት መጻፍ

ይሄን ሳስታውስ ዛሬም ያንገበግበኛል። ወደ አውሮፓ የሚሄደው አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ከቦሌ የሚነሳው እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። የመጀመሪያው ጉዟችን ትኬት "ማክሰኞ 00:15" ይል ነበር። እኔም ጎበዝ ነኝና ወደ እኛ ሰዓት ለውጬ "ማክሰኞ ከሌሊቱ 6፡15" ብዬ ለወላጆች ደብዳቤ ላክሁ። ትክክል ነው ብላችሁ ታስባላችሁ? አይደለም። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ለእኛ ሰው ግን ሌሊቱ የመሸበት ቀን ሌሊት ነው። "ማክሰኞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት" ሲባል ማክሰኞ ውሎ፣ እራት በልቶ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሌሊት ነው የሚታየው።

ሰኞ ማታ ቦሌ ቆሜ ልጆቹን ስቆጥር ሁለት ጎደሉ። አንደኛዋ ከመሐል ሜዳ ነበረች። አባቷ ጋ ደወልኩ።

"የት ደረሳችሁ?"

"ቤት ነን። ነገ አይደል እንዴ?"

"ዛሬ ነው! አሁን!"

"መምህር፣ በገዛ እጅህ ማክሰኞ ብለህ ጽፈህ! ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው።"

ምን ልበለው? እውነቱን ነው። ሁለቱ ልጆች በቅጣት ትኬት አስቀይረው ከሁለት ቀን በኋላ ደረሱ። የአውሮፓ ፓርላማ ቀጠሯችን ግን አልፎ ነበር። ፓርላማ ለማየት አገር አቋርጣ የሄደች ልጅ ፓርላማውን ከውጭ በመስታወቱ አይታ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ የበረራ ሰዓት ለማንም ወላጅ አልጽፍም። የምጽፈው አንድ መስመር ነው፦ "ሰኞ ማታ 1 ሰዓት ቦሌ በር ላይ።" በቃ። አውሮፕላኑ መቼ እንደሚነሳ ማወቅ የእኔ ሥራ ነው።

ደግሞም በዋዜማው ከደብረ ብርሃን እነሳለሁ አትበሉ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ አውቃለሁ። ዛሬ ክፍት የሆነ መንገድ ነገ ላይከፈት እንደሚችልም ሁላችንም እናውቃለን። ሁለት ቀን ቀድማችሁ አዲስ አበባ ግቡ።

የሰዓቱ ጣጣ እዚያም ይከተላል። "9 ሰዓት ቁርስ ቤት እንገናኝ" ያልኩት አንድ ልጅ ተመልሶ ተኛ። የእኛ ዘጠኝ መስሎት ነው። ገና ቦሌ እያላችሁ ከዚህ በኋላ በእነሱ ሰዓት ብቻ እንደምታወሩ ተስማሙ።

ስምና ልደት

ፀሐይ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት መጻፍ ይቻላል? እኔ አንዲት ልጅ ፋይል ውስጥ ሦስት አግኝቻለሁ። ፓስፖርቷ አንድ፣ የልደት የምስክር ወረቀቷ ሌላ፣ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ደግሞ ሦስተኛ። ገብረ ሥላሴና ወልደ አማኑኤል ከሆነ አበሳው ይብሳል። የእኛ ጸሐፊ "ገ/ሥላሴ" ብሎ ሰረዝ ያደርጋል፤ ፓስፖርቱ ላይ ሙሉው ተጽፏል። ማመልከቻውን የሚያየው ሰው እንዴት ያንን ሰረዝ ይፍታው? ደንቡ ቀላል ነው። ፓስፖርቱ ንጉሥ ነው፤ ሌላው ወረቀት ሁሉ ፊደል በፊደል እሱን ይከተላል።

ልደትም እንደዚያው። "መስከረም 1 ማለት ሴፕቴምበር 11 ነው" ብሎ በጣት የሚቆጥር ሰው አለ። ሁልጊዜ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ስለነበረች 2000 ዓ.ም. የገባው ሴፕቴምበር 12 ነው። ጥቅምት 5 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 16 ቀን 2007 ነው የተወለደው። በጣት የቆጠረው 15 ይላል። የአንድ ቀን ልዩነት ምን ያመጣል አትበሉ። የሁለት የተለያዩ ሰዎች ወረቀት ያስመስላል።

ቪዛ በሁለት ሳምንት ይደርሳል ማለት

ድሮ የሄደ ሰው አትጠይቁ። "በ15 ቀን መጣልኝ" ይላችኋል። ለአብዛኛው ሌላ አገር ዜጋ ዛሬም መደበኛው ያ ነው። እኛ ግን በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን ብቻ ሕጉን አጠበቀው። መደበኛው ጊዜ 45 ቀን ሆነ። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ቀረ። "ይህ ወረቀት ይለፋችሁ" የሚባል ነገርም ቀረ። የሰጡት ምክንያት ያለፈቃድ አውሮፓ የቀሩ ዜጎቿን በመመለስ ኢትዮጵያ በበቂ አልተባበረችም የሚል ነው። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ማስገባት ይቻላልና በመጀመሪያው ቀን አስገቡ።

በዚያ ላይ ተማሪዎቻችሁ አብዛኞቹ 18 አልሞላቸውም። ስለዚህ የእናትም የአባትም ፈቃድ ያስፈልጋል። እናቷ ቤይሩት ወይም ጅዳ ያለች ልጅ በየክፍሉ አለች። ያ ፈቃድ በኤምባሲ በኩል ተጽፎ፣ ተረጋግጦ፣ ተልኮ እስኪደርስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሚገባው የጠበቀ ብቻ ነው። ከእሱ ጀምሩ።

ሌላው አጭር ነው። የጉዞ መድኅኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። ቪዛ ሳይወጣ የማይመለስ ትኬት የገዛ መምህር ካለ ጸሎት ያድርግ።

ባዶ ፓርላማ መጎብኘት

ይሄም የእኔ ነው። ሁለተኛው ጉዞ ላይ ሁሉን አሟላሁ። ቪዛው ወጣ፣ ልጆቹ በሰዓቱ መጡ። ፓርላማ ደረስን። አዳራሹ ያምራል፣ ወንበሩ ሰማያዊ ነው፣ ሰው ግን የለም። አስጎብኚዋን "አባላቱ የት ሄዱ?" አልኳት። "ስትራስቡርግ" አለች።

የአውሮፓ ፓርላማ ሁለት የመሰብሰቢያ ቦታ አለው። በሕጉ መሠረት በዓመት 12 ጊዜ ለጠቅላላ ጉባኤ ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ ይሄዳል። ከብራስልስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አባላቱም ረዳቶቹም ሰነዱም ይጓዛሉ። ዛሬ አባላቱ 720 ናቸው፤ እኛ በዚያ ሳምንት ያየነው ወለል የሚወለውሉ ሦስት ሰዎች ነው። የዓመቱ የስብሰባ ሰሌዳ አስቀድሞ ይወጣል። እሱን ሳያዩ ቀን አይቆረጥም። የኮሚቴዎች ሳምንት ከሆነ ሕንፃው እንደ ሰኞ ገበያ ይሞላል። ኦገስትን እርሱት፤ ያኔ ከተማው በሙሉ ዕረፍት ላይ ነው። የእነሱ ፋሲካም ከእኛው ጋር ብዙ ዓመት እንደማይገጥም አስታውሱ።

የቡድን ጉብኝት ከወራት በፊት ይያዛል። ፓስፖርቱን መኝታ ክፍል ትቶ የመጣ ልጅ በር ላይ ይቀራል። የፓርላማው የጎብኚዎች ማዕከል ፓርላሜንታሪየምና የአውሮፓ ታሪክ ቤት የሚባለው ሙዚየም ግን ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ ዝናብ ሲያባርራችሁ ግቡ።

አፍሪካ አዳራሽን ሳያዩ መሄድ

ብራስልስ ላይ አንድ የፓርላማ ረዳት ልጆቹን "የእናንተ ዋና ከተማም የአህጉር መቀመጫ ናት አይደል? የአፍሪካ ኅብረት ምን ይመስላል?" አላቸው። ጭጭ። አንዳቸውም ገብተው አያውቁም። እኔ ነኝ መሬት የገባሁት።

አሁን መጀመሪያ አዲስ አበባ እወስዳቸዋለሁ። አፍሪካ አዳራሽ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ቤት ነው። የመስኮቱን የመስታወት ሥዕል የሠራው አፈወርቅ ተክሌ የአንኮበር ልጅ ነው። የኛው አገር ሰው! ይህን ስነግራቸው ዓይናቸው ሲበራ ማየት ነው። ከዚያ በኋላ ብራስልስ ገብተው የሚያወዳድሩት ነገር አላቸው። የአውሮፓው ፓርላማ ሕግ ያወጣል፣ የአፍሪካው ለምን አያወጣም? ማን ያዋጣል? ማን ይመርጣል?

ጥያቄ እዚያ ደርሰን እናስባለን ማለት

የእኛ ልጆች ጨዋ ናቸው። ትልቅ ሰው ሲያወራ አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ። "ጥያቄ ካላችሁ?" ሲባል ሁሉም ጫማውን ያያል። ወይም አንዱ ተነስቶ "የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያ ምን ያደርጋል?" ይላል። ለዚህ ጥያቄ የተጻፈ መልስ አላቸው፤ ሃያ ደቂቃ ይበላል፣ ምንም አይናገርም።

በሦስተኛው ጉዞ እዚሁ ክፍል ውስጥ ለሁለት ወር ተለማመድን። መጀመሪያ የአውሮፓ ተቋማትን ስም ጉድ ፈታን። በአማርኛ ሁሉንም "ምክር ቤት" እያልን እናምታታቸዋለን። አንዱ የመሪዎች ነው። አንዱ የሚኒስትሮች ነው። ሦስተኛው (ካውንስል ኦፍ ዩሮፕ) ስትራስቡርግ ያለው 46 አገሮች የተሰባሰቡበት ነው፤ ከነጭራሹ ከኅብረቱ ውጭ ነው። ከዚያ አንዲት የሸዋ ሮቢት ልጅ ጥያቄዋን ይዛ ሄደች። ተራዋ ሲደርስ ተነሳች፦ "እኔ እዚህ ለመምጣት 45 ቀን ጠብቄአለሁ። የጎረቤቴ የኬንያ ልጅ 15 ቀን ይበቃታል። ይህን የወሰነው ማነው? እናንተ ድምፅ ሰጥታችኋል?"

ያስተናገደን የፓርላማ ሰው ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። ሐሳቡን ያቀረበው የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል የሆነው ኮሚሽኑ፣ የወሰነው ደግሞ የሚኒስትሮቹ ምክር ቤት እንደሆነ፣ ፓርላማው ድምፅ እንዳልሰጠበት አስረዳ። ልጅቷ "ታዲያ እኔ አቤቱታዬን ለማን ላቅርብ?" አለች። አርባ ደቂቃ አወሩ። ኅብረቱ እንዴት እንደሚሠራ እኔ በአንድ ሴሚስተር ያላስተማርኩትን በዚያች አርባ ደቂቃ ገባቸው።

ቶሎ ቶሎ

ባቡር ጣቢያው አንዱ ሰሌዳ ላይ "ሚዲ"፣ ሌላው ላይ "ዛውድ" ይላል። አንድ ጣቢያ ነው፤ አንዱ ፈረንሳይኛ፣ አንዱ ደች። ሁለቱንም ስም ለልጆቹ አስይዟቸው። እዚያ ጣቢያ ቦርሳ ከፊት ይያዛል።

ሰንካንትኔር ፓርክ ያለው ትልቅ ቅስት ሥር ሁሉም ሰልፊ ይነሳል። ያ ቅስት የቆመው የቤልጂየሙ ንጉሥ ዳግማዊ ሊዮፖልድ ከኮንጎ በዘረፈው ሀብት ነው። መጀመሪያ ይንገሯቸው፣ ከዚያ ይነሱ።

"ደብረ ብርሃን ላደገ ልጅ ብርድ ምኑ ነው?" የሚል አባት ሁልጊዜ አለ። የእኛ ብርድ ደረቅ ነው፤ ሲነጋ ፀሐይ ይመጣል። የእነሱ ቀኑን ሙሉ ያካፋል። ጋቢውን ተዉት፤ ውኃ የማያስገባ ጫማ ግዙ።

ስንቅ

እናቶቻችን ባዶ እጅ አይሸኙም። አንዷ እናት አንትወርፕ ላለ የእህቷ ልጅ ሁለት ኪሎ የመንዝ ቅቤ፣ በላዩ ቋንጣ ጨምረው በልጃቸው ሻንጣ ላኩ። የብራስልሱ አውሮፕላን ማረፊያ ዛቨንተም ላይ ሻንጣው ተከፈተ። ከኅብረቱ ውጭ ካለ አገር ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ክልክል ነው። መኮንኑ ቅቤውን ከፍቶ ሲያሸት ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር መቼም አልረሳም። ልጁ ያለቀሰው ቅቤው ሲጣል ነው። "ለእማዬ ምን ብዬ እነግራታለሁ?" ይላል። በሶ ይበቃል፤ ከረጢቱ ላይ ግን ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጻፉበት።

ጾም ላይ ደግሞ እኔን አትመኑኝ። ዓርብ ቀን ልጆቹ "ጋሼ፣ ምን እንብላ?" ሲሉኝ የተጠበሰ ድንች አሳየኋቸው። "ድንችና ዘይት ነው፣ የጾም ነው፣ ብሉ" አልኩ በሙሉ ልብ። ሁሉም በወረቀት ጥቅልል ተቀበሉ። አንዷ ብቻ፣ ያቺው የሸዋ ሮቢቷ ልጅ፣ ሻጩን ዘይቱ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ሙስሊም ናት፤ የምትበላውን ሳትጠይቅ አትበላም። ሰውየው ኩራት በተሞላበት ድምፅ መለሰላት፦ እንደ ድሮው ሥርዓት በበሬ ጮማ ነው የሚጠበሰው። ወደ እኔ ዞር አለች። እኔ ሁለተኛውን ጥቅልል ላጋምስ ነበር።